ሐረጎን ለየብቻ

ሬሳውን ያገኘው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው በሐረጎ ቁልቁለት የሚኖር ሙሄዲን የሚባል ገበሬ ነው። ሰኞ ማለዳ በሬዎቹን እየነዳ ወደ ማሳው ሲወርድ፣ ከመኪናው መንገድ አሥር እርምጃ ገባ ብሎ፣ ከትልቁ ጽድ ሥር ሰው ተጋድሞ አየ። የደከመው መንገደኛ መሰለው። «አሰላሙ አለይኩም» አለ። መልስ የለም። ጠጋ ብሎ ደሙን ሲያይ ኩታውን ገፎ አለበሰው፤ በሬዎቹን እዚያው ጥሎ ኮምቦልቻ ድረስ ሮጠና ለፖሊስ ተናገረ።

ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ እንዳላየ ያልፍ ነበር። ጊዜው ጥር 1930 ዓመተ ምሕረት ነው። ጣሊያን ደሴን ከያዘ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በዚያ ዘመን ሬሳ አገኘሁ ብሎ ወደ ጣሊያን የሚሮጥ ሰው አልነበረም። ሙሄዲን ግን ሮጠ።

ባሻ ቀለሙ ከቦታው ሲደርስ ሐረጎ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ከሦስት እርምጃ በላይ አይታይም። ባሻ ስልሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። በቀድሞው መንግሥት የደሴ ከተማ ዘበኞች አለቃ ነበር። ጣሊያን ሲገባ ሌባውን ከነቤቱ የሚያውቅ ሰው ፈለገና እዚያው ሥራው ላይ አስቀመጠው። ባሻም እምቢ አላለም። ለምን እምቢ እንዳላለ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ግን ቤቱን የሚያንኳኳ እንግዳ አልነበረም።

ኩታውን ገለጠ። ሟቹ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው ጠይም ሰው ነው። ማጅራቱን በከባድ ነገር አንድ ጊዜ ተመትቷል። አንድ ጊዜ ብቻ። ሌላ ቁስል የለበትም።

ባሻን ያስገረመው ግን ምቱ አይደለም። ዓይኑ ተከድኗል። አገጩ በገዛ ጥምጣሙ ታስሯል። የእግሩ አውራ ጣቶች በጥምጣሙ ቁራጭ ተጋጥመው ታስረዋል። በቀኝ ጎኑ ተጋድሟል፤ ራሱ ወደ ጽዱ ግንድ፣ ፊቱ ወደ ገደሉ ነው። ጉሙ ባይኖር ከገደሉ በታች ኮምቦልቻ ይታይ ነበር።

«እንዲህ ያስተካከልከው አንተ ነህ?»

«ወላሂ አልነካሁትም፣ ባሻ» አለ ሙሄዲን። ከሩጫው የተነሳ እስካሁን ትንፋሹ አልተመለሰም። «ፊቱን እንኳ ደኅና አድርጌ አላየሁት። ኩታዬን ጣል አድርጌበት ሮጥኩ።»

«ለምን አለበስከው?»

ሙሄዲን ጥያቄው አልገባውም። «በርዶት ነበራ» አለ።

ከሟቹ ደረት ኪስ አንድ ወረቀት ተገኘ። ማኅተም ያለበት የይለፍ ወረቀት ነው። የአራት ሰዎች ስም አለበት፦ የሱፍ፣ ደምመላሽ፣ ዘይኑልአቢዲን፣ በላቸው። እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ በሌሊት ከደሴ ኮምቦልቻ ማለፍ ይችላሉ ይላል። ባሻ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከመሸ በኋላ ደጁ ላይ የቆመ ሰው በሚተኮስበት ከተማ፣ ለአራት ተራ ሰዎች የሌሊት ይለፍ ተሰጥቶ አይቶ አያውቅም።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ሲከት የመኪና ድምፅ ሰማ። የጣሊያኑ ሹም ራሱ ከደሴ መጣ። ወርዶ የሟቹን ፊት አየና ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ ዞር ብሎ በአስተርጓሚው በኩል፣

«ይህ ደም የነካው ኩታ የማን ነው?» አለ።

«የኔ ነው ጌታዬ» አለ ሙሄዲን።

«ያዙት።»

ባሻ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። «ይህ ሰው ሮጦ የነገረን ነው። ገዳይ አይመስለኝም።»

ሹሙ ጓንቱን እያጠለቀ አደመጠ። መልሱን አስተርጓሚው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተናገረው፦ «ሐሙስ ጠዋት ኮምቦልቻ ገበያ ፊት ይሰቀላል። ሌላ ገዳይ ካለህ እስከዚያ አምጣ። ከሌለህ ይኸው አለኝ።»

*

ሦስቱን መንገደኞች ማግኘት አላስቸገረም። ኮምቦልቻ ውስጥ ጓደኛቸውን እየፈለጉ ከቤት ቤት ሲዞሩ ነው የተገኙት። ሞቱን ሲሰሙ ደምመላሽ ተቀመጠ። ዘይኑልአቢዲን «ኢና ሊላሂ» ብሎ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። በላቸው እንደቆመ ቀረ።

ባሻ አንድ በአንድ ጠራቸው። መጀመሪያ ደምመላሽ ገባ። ልብስ ሰፊ ነው፤ ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው፤ ሲናገር ሁሉ የሆነ ነገር የሚሰፉ ይመስላሉ።

«በሌሊት ምን ልታደርጉ ወጣችሁ?»

«ልማድ ነው ባሻ። በየዓመቱ በጥር ሙሉ ጨረቃ አራታችን ከደሴ ኮምቦልቻ በእግራችን እንወርዳለን። አሥር ዓመት ሆነን።»

«ለምን?»

«የዛሬ አሥር ዓመት ኮምቦልቻ ሥራ ወርደን በላቸውን ወባ ጣለው። ሐኪም ያለው ደሴ ነው። በቃሬዛ ይዘነው ሌሊቱን ወጣን። ሐረጎ ላይ ቃሬዛው ተሰበረ። የሱፍ አዝሎት ወጣ። እኔና ዘይኑ እንቀበልህ ብንለው እምቢ አለ። እላይ ስንደርስ በላቸው ድምፁ ጠፋ፤ የሞተ መሰለን። አንድ ቃል ሳንነጋገር፣ እያንዳንዳችን ለየብቻችን እያለቀስን ደሴ ገባን። እግዜር ይመስገን ዳነ። ከዚያ ወዲህ ሐረጎን ስንወርድ ለየብቻ ነው። አንዱ ይሄዳል፤ ሌላው አንድ ሲጃራ አጭሶ ይከተላል። አይወራም። ታች ቦርከና ድልድይ ላይ እንገናኛለን።»

«አምና ሄዳችኋል?»

«አምና በምን እንሂድ? ሰዓት እላፊው መጣ። በየሱፍ ብሶ ነበር። እንደ ልጅ ነበር የሚያኮርፈው። ዘንድሮ ወረቀት ይዞ መጣ።»

«ማን ሰጠው?»

«አልጠየቅነውም። ደስ ብሎን ነበር።»

«አወራረዳችሁ በምን ተራ ነበር?»

«እኔ፣ ከዚያ የሱፍ፣ ከዚያ ዘይኑ፣ መጨረሻ በላቸው። ድልድዩ ላይ ቀድሜ ደረስኩ። ቀጥሎ የመጣው ዘይኑ ነው። የሱፍ የት አለ ብለው አላየሁትም አለኝ። በላቸው ቆይቶ መጣ፤ እሾህ ወግቶኝ ነው አለ። ጠበቅን። ነጋ። ምናልባት ቀድሞ ከተማ ገብቶ ያበሽቀን ይሆናል ብለን ወረድን። እንዲህ ያለ ቀልድ ይወድ ነበር።» ደምመላሽ ጣቶቹን አቆመ። «ነፍሱን ይማር።»

ዘይኑልአቢዲን ጭነኛ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ በቅሎ እየነዳ ኖሯል። ትከሻው ሰፊ፣ ምላሱ ስለታም ነው። ወንበር ሲሰጠው አልተቀመጠም።

«ጫማዎ ጣሊያን ሠራሽ ነው ባሻ። ይመቻል?»

«ያቆስላል» አለ ባሻ። «ከየሱፍ ቀጥለህ የወረድከው አንተ ነህ። ሬሳው ከመንገዱ አሥር እርምጃ ላይ ነው። ምንም አላየህም?»

«ጨረቃዋ እንደ ቀን ነበረች፤ ግን ዓይኔ መንገድ ላይ ነው። ሐረጎ ላይ ግራ ቀኝ አይታይም። ያን ሌሊት ነው የምናስበው።»

«እህትህ ሸሪፋ የየሱፍ ሚስት ነበረች።»

የዘይኑ ፊት ተለወጠ። «ይህንንም ሰሙ? አዎ። አምና ፈታት። እኔም በገበያ መሐል በጥፊ መታሁት። ከዚያ በኋላ በኢድ ቤቴ መጥቶ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ይቅር አልኩት።»

«ይቅር ማለትህን ማን ያውቃል?»

«አላህና እሱ። አንዱ ሞተ።»

በላቸው መጨረሻ ገባ። አናጢ ነው፤ የቄስ ገብረ ማርያም ልጅ። በሰፈሩ ሰው ሲሞት ሳጥን የሚመታው፣ መቃብር የሚቆፍረው፣ ሬሳውን ወደ ጉድጓዱ የሚያወርደው እሱ ነው። ባሻም ከሩቅ ያውቀዋል። ከሦስቱ ትንሽ የተናገረው እሱ ነው። መጨረሻ ላይ ወረደ፤ እሾህ ወጋው፤ ተቀምጦ አወጣው፤ የሱፍን ከሐረጎ ራስ ወዲህ አላየውም።

«ትወደው ነበር?»

በላቸው እጁን ተመለከተ። «በጀርባው ነው የኖርኩት» አለ።

*

ማክሰኞ ባሻ ወደ ደሴ ወጣ። ከጣሊያኑ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የሙሄዲንን ሚስት ረሂማን ቂጣ በጨርቅ ጠቅልላ ተቀምጣ አገኛት። ከሰኞ ማታ ጀምሮ እዚያው ናት። ዘበኞቹ ቂጣውን አልተቀበሏትም።

«አንቱ የጣሊያን ባሻ» አለችው፣ ሳትነሳ። «ኩታ ማልበስ ስንት ዓመት ያሳስራል?»

ባሻ ከፊቷ ቁጢጥ አለ።

«እኔ ነኝ የፈተልኩት። ቢያንስ ኩታውን መልሱልኝ። ሐሙስ ምን አልብሼ ልቅበረው?»

ባሻ ቂጣውን ከእጇ ተቀበለና ራሱ ወደ እስር ቤቱ ይዞት ገባ።

ከዚያ ወደ ሹሙ ቢሮ ወጣ። «የሌሊት ይለፉን ለየሱፍ የሰጠው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። አስተርጓሚው ለመተርጎም ትንሽ አመነታ። ሹሙ ከጽሑፉ ቀና አለ።

«ሬሳው ላይ ሌላ ወረቀት ነበር?»

«አልነበረም።»

«በደንብ ፈልገሃል?»

«ጥምጣሙን ሳይቀር ፈትቻለሁ።»

«ስለ ይለፉ አትጠይቅ። ገዳይ አምጣ።»

ባሻ ደረጃውን ሲወርድ የሚያስበው ይህንኑ ነበር። የሱፍ የሚባል አንድ ድሀ ሸማኔ ሲሞት ሹሙ ራሱ ሐረጎ ድረስ ይመጣል፤ ስለ ሌላ ወረቀት ይጠይቃል፤ ስለ ይለፉ አትጠይቅ ይላል። የሱፍ ለጣሊያን ምን እየሠራ እንደነበር ማንም ሳይነግረው ገባው። ግን ይህ ማን ገደለው የሚለውን አይመልስም። ደሴ ውስጥ ይህን ቢያውቅ የሱፍን የማይገድል ሰው ጥቂት ነው።

በእጁ ያለውን ደመረ። ከየሱፍ ቀጥሎ የወረደው ዘይኑ ነው። ጠብ ነበረው። በገበያ ፊት መትቶታል። ሬሳው ደግሞ በእስላም ወግ ተጋድሟል፤ አገጩ፣ ጣቶቹ፣ ቀኝ ጎኑ። ይህን አሳምሮ የሚያውቅ እስላም ነው። ገድሎት ሲያበቃ የወገኑን ወግ አደረገለት ማለት ነው። ነገሩ ገጠመ።

መግጠሙ ግን ባሻን አላስደሰተውም። ሌሊቱን አልተኛም።

*

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዘይኑን ይዞ ሐረጎ ወጣ። እቦታው ላይ አቁሞ ሊያናዝዘው ነው ያሰበው። የዚያን ቀን ጉም አልነበረም። ከገደሉ በታች የኮምቦልቻ ቆርቆሮዎች ያበራሉ፤ ቦርከናም እንደ ቀጭን ክር ይታያል።

«እዚህ ነው» አለ ባሻ ጽዱን እያሳየ።

ዘይኑ መሬቱን አየ። ደሙ ደርቋል። ከዚያ «የአስር ሶላት ሰዓት ደርሷል። ልስገድ፤ ከዚያ የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ» አለ።

«ስገድ።»

ዘይኑ በኮዳው ውኃ ታጥቦ ዉዱ አደረገ። ጋቢውን ሣሩ ላይ ዘረጋ። ለአፍታ እንኳ አላመነታም፤ ኮምቦልቻን ከኋላው አድርጎ፣ ወደ ተራራው ዞሮ ቆመ። ፀሐዩ በጽዱ በኩል አዘቅዝቆ ነበር። የዘይኑ ጥላ በቀኙ ረዝሞ ወደቀ።

ባሻ ጥላውን አየ። ከዚያ ጽዱን አየ። ከዚያ ገደሉን።

የሱፍ ፊቱ ወደ ገደሉ ነበር። ሰኞ በጉም ውስጥ አቅጣጫው የማይለይ ሆኖ እንጂ፣ ባሻም የወሎ ልጅ ነው፤ እስላም ሲቀበር ፊቱ ወዴት እንደሚሆን ያውቃል። ገዳዩ የሱፍን በቀኝ ጎኑ አስተኝቶ፣ ጀርባውን ለቂብላ፣ ለሶላቱ አቅጣጫ፣ ሰጥቶታል።

ዘይኑ ሰግዶ ሲያበቃ ባሻ ጠየቀው። «ያን ሌሊት እዚህ ላይ ጨረቃው ደኅና ይታይ ነበር?»

«ነገርኩዎ። ሲነጋ ነው ጉሙ የመጣው።»

«አንተ በጨለማ ቂብላ ይጠፋሃል?»

ዘይኑ በንቀት ሳቀ። «ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ መንገድ አምስት ጊዜ እየሰገድኩ በቅሎ ነድቻለሁ። ተኝቼም አይጠፋኝ።»

«ሂድ፤ ጓደኞችህን ጥራልኝ። አንድ በአንድ ይምጡ። አንተ አትመለስ፤ ቤትህ ግባ።»

ዘይኑ ትንሽ ቆሞ አየው። «ሊያስሩኝ አልነበረም?»

«ነበረ» አለ ባሻ።

*

ደምመላሽ ሲመጣ ፀሐይ ሊጠልቅ ትንሽ ቀርቶታል። ባሻ ጋቢውን በቁመት ጠቅልሎ በመታጠቂያ አስሮ ሰው አስመስሎት ነበር። ከጽዱ ሥር መሬት ላይ ጣለው።

«ይህ የሱፍ ነው እንበል። እስላም ሲሞት እንዴት እንደሚጋደም አሳየኝ።»

ደምመላሽ ፊቱ ገረጣ፤ ግን ተንበረከከ። «እናቴ ዘሀራ እስላም ነበረች። እኔው ነኝ ያጋደምኳት» አለ። ጥቅሉን አዞረ፤ ራሱን ከጽዱ አርቆ ወደ ምሥራቅ አደረገ፣ በቀኝ ጎኑ አስተኛው። ፊቱ ወደ ተራራው ሆነ።

«ይበቃል። ሂድ።»

በላቸው ብቻውን መጣ። ባሻ ያንኑ ጠየቀው። በላቸው ጥቅሉን ትንሽ ተመልክቶ ተቀመጠ። እጆቹ ሥራ የለመዱ ናቸው። የአገጩን ቦታ፣ የእግሩን ቦታ ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ሬሳ እንደሚወርድ ሁሉ ቀስ ብሎ ራሱን ወደ ጽዱ፣ ወደ ምዕራብ አኖረው፣ እግሩን ወደ ምሥራቅ ዘረጋ። በመጨረሻ በቀኝ ጎኑ አዞረው።

በላቸው ሥራውን ቀና ብሎ አየ።

«ፊቱ ወዴት ነው?» አለ ባሻ።

በላቸው የጥቅሉን ፊት ተከትሎ ተመለከተ። ገደሉ። ከገደሉ በታች ኮምቦልቻ። ከኋላው ዞረ፤ ተራራው። እንደገና ገደሉን አየ። አፉ ተከፈተ።

«እንዲህ ነው ያስተኛሁት?» አለ።

ባሻ በጣቱ ወደ ተራራው አመለከተው።

«እንዲህ ነው? ጀርባውን ሰጥቼ?» በላቸው ጥቅሉን አቅፎ አነሳው፤ ሊያዞረው ፈልጎ ወዴት እንደሚያዞረው የጠፋው ይመስላል። «የኛን ሰው ሁልጊዜ ራሱን ወደ ምዕራብ ነው የማወርደው... እጄ... እኔ በቀኝ ጎኑ መሆኑን ብቻ ነው ያሰብኩት።» ጥቅሉ ላይ ተደፋ።

ባሻ ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። ፀሐይ ገባ።

«ይለፉን ሳይ አወቅኩ» አለ በላቸው ቆይቶ። «ወረቀት አለኝ ሲል ሰምተን ነበር፤ ሐረጎ ራስ ላይ ስናርፍ ማኅተሙን አውጥቶ አሳየን። እየሳቀ። እኔ ለአርበኞች ዕቃ እንደማቀብል ማንም አያውቅም። የሌሊት ይለፍ ለማን እንደሚሰጥ ግን አውቃለሁ። ዘይኑ እንደሄደ፣ ሲጃራ ሳልጠብቅ፣ በአቋራጩ የበቅሎ መንገድ ሮጬ ሁለቱንም ቀደምኩና እዚህ ጠበቅኩት። ከመንገዱ ገባ አድርጌው፣ ዘይኑ ካለፈ በኋላ ጠየቅኩት። አልዋሸኝም። ታናሽ ወንድሙን አስረውበታል። ሁለት ስም በቃሉ ነግሯቸዋል፤ ሌሎች ስሞች በወረቀት ጽፎ ኮምቦልቻ ላለው የጣሊያን ሹም ሊሰጥ ነበር። ወረቀቱ ጥምጣሙ ውስጥ ነበር። ተው አልኩት። ‹ወንድሜስ?› አለኝ። ይህን ብሎ ጀርባውን ሰጥቶኝ መሄድ ጀመረ።»

«ከዚያ?»

«ያችን ጀርባ እያየሁ ማጅራቱን መታሁት።»

ታች የኮምቦልቻ መብራቶች አንድ ሁለት እያሉ በሩ።

«ወረቀቱስ?»

«ዋጥኩት።»

«ይለፉን ሳታገኝ ቀርተህ ነው የተውከው?»

«የአራታችን ስም አለበት። መውሰድ አልቻልኩም።»

«ሙሄዲን ነገ ጠዋት እንደሚሰቀል ታውቃለህ።»

«ማክሰኞ ሰማሁ። ነገ እሄዳለሁ አልኩ። ዛሬም ነገ አልኩ።» በላቸው ቀና አለ። «እነዚያ ሁለት ሰዎች ስማቸው መሰጠቱን አያውቁም። ቀን ቤታቸው ብጠጋ አስይዛቸዋለሁ፤ ሌሊት ያለ ይለፍ አይወጣም። ዛሬ ሌሊት ካልነገርኳቸው ያልቃሉ። አንድ ሌሊት ይስጡኝ ባሻ። ሲነጋ ድልድዩ ላይ ነኝ።»

«ስማቸውን አትንገረኝ» አለ ባሻ ቶሎ ብሎ።

ተነስቶ ቆመ። ይህን ሰው አሁን አስሮ ቢወርድ ሙሄዲን ይድናል፤ ደሴ ውስጥ ሁለት ቤት ይፈርሳል። ቢለቀው፣ በላቸውም እንደማንኛውም ሰው ነፍሱን ቢወድ፣ ሲነጋ ረሂማ ባሏን ከገመድ ታወርዳለች። ባሻ ወደ እነዚያ ሁለት ቤቶች ራሱ እንዳይሄድ፣ የጣሊያን ባሻ በሌሊት ሲያንኳኳ የሚከፍት የለም።

ኪሱ ገባ። የይለፉን ወረቀት አውጥቶ ለበላቸው ሰጠው።

«ዛሬ ማታ ኮምቦልቻ ያወርዱታል፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ገመዱ ያወጡታል» አለ። «ከዚያ በፊት።»

*

ባሻ ሌሊቱን ቦርከና ድልድይ ላይ ተቀምጦ አነጋ። ጨረቃዋ ጎድላለች፤ ዘግይታ ወጣች። ዶሮ ሲጮህ ረሂማ መጣች። ከደሴ ድረስ በእግሯ ወርዳለች። እንዴት ኬላውን እንዳለፈች አልጠየቃትም። ነጭ አቡጀዴ ታቅፋለች። ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች እንጂ አላናገረችውም።

ሰማዩ መንጋት ጀመረ። መንገዱ ባዶ ነው። ባሻ ያደረገውን አሰበ። ሞኝነቱን ለመቁጠር ጊዜ ነበረው።

ከዚያ አንድ ሰው ከመታጠፊያው ወጣ። ደምመላሽ ነው። እያነከሰ፣ ቀስ ብሎ መጥቶ ከድልድዩ ደረሰና ቆመ።

ባሻ መንገዱን ተመለከተ። ማንም የለም። አንድ ሲጃራ የሚያስጨርስ ጊዜ አለፈ። ደግሞ ሌላ አንድ።

«የየሱፍ ተራ ነው» አለ ደምመላሽ።

ከዚያ ዘይኑ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ባሻን ቀና ብሎ አላየውም።

«ነገራችሁ?» አለ ባሻ።

«ቤቴ መጥቶ ነገረኝ። ዱላዬን አነሳሁ።»

«ለምን ተውከው?»

ዘይኑ ወደ መንገዱ ዞረ። «ብቻውን ሐረጎን ሊወርድ ነው» አለ። «ጫማዬን አደረግኩ።»

ትንሽ ቆይቶ በላቸው መጣ። ጋቢውን አስተካክሎ ለብሷል። ወረቀቱን ለባሻ መለሰለት።

«ሁለቱም ወጥተዋል» አለ።

ረሂማ ተነስታ አራቱንም አየች። ማን ማን እንደሆነ አታውቅም፤ ግን አንድ ነገር ገባት። አቡጀዴውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

*

የሆነው አጭር ነው። በላቸው ለሹሙ «እኔ ነኝ የገደልኩት። በግል ጠብ ነው» አለ። ስለ ወረቀት ጠየቁት። ምን ወረቀት አለ። ገረፉት። ምን ወረቀት አለ። ባሻ ቃሉን ሲጽፍ «በግል ጠብ» ብሎ ጻፈ። በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቱ እያወቀ የጻፈው የመጀመሪያ ሐሰት ይህ ነው።

ሙሄዲንን ከኮምቦልቻ እስር ቤት ያወጣው ባሻ ራሱ ነው። ኩታውን መለሰለት። ሙሄዲን ደሙን አየና ተቀበለ።

«በሬዎቼን ያያቸው አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ገመዱ ተዘጋጅቶ የቆየ ስለነበር በላቸው በዚያው ሐሙስ፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ተሰቀለ። ሬሳውን ሊወስድ የደፈረ የለም። ማታ ባሻ አስፈቅዶ አወረደው። ረሂማ በጠዋት ድልድዩ ላይ ትታው የሄደችው አቡጀዴ እዚያው ነበር፤ በእሱ ገነዙት። ቄስ አልተፈቀደም። ከተማው ዳር፣ ግራር ሥር፣ ደምመላሽና ዘይኑ ጉድጓድ ቆፈሩ። ባሻ መብራት ያዘላቸው።

ሬሳውን አንስተው ከጉድጓዱ አፍ ሲደርሱ ዘይኑ ቆመ። በዙሪያው ያለውን ጨለማ፣ ሰማዩን፣ ከዚያም ባሻን አየ።

«የናንተ ሰው ሲቀበር ራሱ ወደየት ነው የሚሆነው?» አለ። «እንዳልሳሳትበት።»

ባሻ መብራቱን ወደ ምዕራብ ከፍ አደረገ።